ባትሪ የሌለው ሞተር እና የመጋዘኑ ቁልፍ

ሰኞ፣ መጋቢት 4

ነዘረኝ። ከጣቴ እስከ ጥርሴ። በግራ እጄ ለሞተር ሳይክሉ እሳት የሚሰጠውን የካንዴላ ሽቦ ይዤ በእግሬ መርገጫውን ስመታው ነው። መሬት ላይ ዝርፍጥ ብዬ ሳቅኩ። የሚነዝር ነገር አልሞተም ማለት ነው።

አሶሳ ከመጣሁ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። በኤሌክትሪክ ዲፕሎማዬን ይዤ መጥቼ እስካሁን የሠራሁት ሥራ ወንበር ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር መጻፍ ነው። ክልሉ አዲስ፣ የውሃ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፤ ወንበሩ ብቻ አሮጌ። የቆሙት የውሃ ሞተሮች ያሉት መንጌ መንገድ ላይ ነው፣ እኔ ያለሁት መዝገብ ቤት። «መኪና ሲገኝ ትወጫለሽ» ይሉኛል። መኪናው አንድ ነው፤ እሱም የቢሮውን ኃላፊ ይዞ ይዞራል።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊውን በር ላይ ያዝኩት። መጋዘን ውስጥ የተጣለው ሞተር ሳይክል ቢነሳ ለእኔ ይሰጠኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። ቀጥሎ አሰበ። «የሚቀጥለው ማክሰኞ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይመጣል። እስከዚያ ከተነሳ መስክ ትወጪበታለሽ። ካልተነሳ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ይጻፋል።» ስምንት ቀን አለኝ።

ሞተሩ አንድ ሞተር አይደለም። ሻንሲውና ሞተሩ እንግሊዝ ሠራሽ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ሱዳን ቀርቶ በኩርሙክ የገባ ነው ይላሉ። ሳልባትዮው፣ የቤንዚን ጋኑ፣ ከጣልያን ሞተር የተነቀለ። መቀመጫው የጭነት መኪና ወንበር ተቆርጦ። መሪው የታጠፈ የውሃ ቧንቧ። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ደግሞ ቀርከሃ ነው፤ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ፣ እስካሁን አንድ ቦታ እንኳ አልላላም። ከካንዴላው በቀር ግን ሽቦ የሚባል የለውም። አይጥ በልቶታል ይላሉ። እኔ ሰው ወስዶታል እላለሁ። አይጥ ሲበላ ፍርፋሪ ይተዋል።

ዘበኛው አባባ ሐምዳን በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። «አንተ፣ ይኼ ሞተር እኮ...» ብለው ጀመሩ። ሴት መሆኔ ጠፍቷቸው አይደለም። የአፍ መፍቻቸው የበርታ ቋንቋ ነው፣ በአማርኛ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው፤ ኃላፊውም፣ እኔም፣ ግቢ የምትገባው ፍየልም። መጀመሪያ ሰሞን ንቀት መስሎኝ ነበር።

«ይቆዩ አባባ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው። ትንሽ ቆሙ። ሄዱ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ባትሪ የለም።

ይህን ያሉኝ መጋዘኑን የሚይዙት አቶ ደቻሳ ናቸው። የነቀምቴ ሰው፣ ሃምሳ የዘለሉ፣ ቁልፋቸውን ከቀበቷቸው የማይለዩ። ለአንዲት ምስማር የዕቃ ማውጫ ሞዴል 22 ያስፈርማሉ። እኔን «ያ ኢንተላ» ይሉኛል፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ያ ኢንተላ፣ ባትሪ ካገኘሽ ለእኔም አንድ» ብለው ሳቁ።

ግን ቤታቸው ባትሪ አለ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ትልቅ የመኪና ባትሪ ነው፤ በእሱ ሬድዮ ይከፍታሉ፣ ጎረቤት በራቸው ላይ ተሰብስቦ ዜና ይሰማል። ያ ባትሪ ከየት መጣ? የመጋዘን ሰው እጅ ላይ ያለ ባትሪ ከየት ይመጣል? ወደ አሶሳ ልሳፈር ስል እናቴ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆማ የሰጠችኝ ስንቅ ይኼ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ባትሪውን ተውኩት። የተማሪነት ደብተሬን ገለጥኩ። አንድ ከሰዓት ብቻ የተማርነው ነገር አለ፣ ማግኔቶ ይባላል። ሲዞር ለካንዴላው እሳት ራሱ የሚፈጥር ዕቃ ነው፤ ባትሪ አይለምንም። ይህ ሞተር ላይ አለ፤ ትናንት የነዘረኝ እሱ ነው። ከጎኑ ደግሞ ለመብራት የምትሆን ትንሽ ዲናሞ አለች። የጻፍኩት አንድ ገጽ ተኩል ነው። ቀሪው ግማሽ ገጽ ላይ መምህራችን ቆመው ሲያንቀላፉ ሥዬአቸዋለሁ። ዛሬ ያንን ግማሽ ገጽ ረገምኩት።

የሚያስፈልገኝ፦
ሽቦ፣ ከተቃጠለው ጄኔሬተር ላይ አለ።
ናስትሮ፣ ሽቦ መጠቅለያ። ስታኞ፣ ሽቦ መበየጃ።
ማብሪያ ማጥፊያ። ያለው የግድግዳ ነው፤ ይሁን፣ መሪው ላይ አስረዋለሁ።
ካፓሲተር። ባትሪ በሌለበት የመብራቱን ኃይል ትንሽ ያረጋጋል። ከሞተ ሬድዮ ሆድ ውስጥ ይገኛል።

አቶ ደቻሳን የሞተ ሬድዮ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከሰዓት በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ሞዴል የለ፣ ፊርማ የለ። «ውሰጂ» ብቻ።

ለምስማር የሚያስፈርም ሰው ለሬድዮ ለምን አላስፈረመኝም? ነገ «ሬድዮ ጠፋ» ቢባል በማን ይላከካል?

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

ገጠምኩት። ከዲናሞው ወደ ካፓሲተሩ፣ ከካፓሲተሩ ወደ ማብሪያው። ከማብሪያው አንዱ ሽቦ ወደ ፊት መብራት፣ ሌላው ማግኔቶው ጎን ላይ ወዳለችው ትንሽ ብሎን። የተማርኩት የመኪና አሠራር እንደዚያ ነው፤ ማብሪያው ሲበራ ኃይል ይገባል፣ ሞተር ይነሳል። ካርቡራቶሪውን በቤንዚን አጠብኩ። የሸረሪት ቤት ነበር።

ማብሪያውን አበራሁ። ረገጥኩ። ምንም። ሠላሳ ጊዜ ረገጥኩ። ካንዴላውን ነቅዬ አየሁት፣ እሳት የለም። ሰኞ ጥርሴን ያንቀጫቀጨኝ የት ሄደ?

ለምሳ ወጣሁ። አቶ ደቻሳ «እኔ እቆልፋለሁ፣ ሂጂ» አሉ። በሰባት ሰዓት ተኩል ስመለስ ማግኔቶው ላይ ያሰርኩት ሽቦ ተነቅሏል። በጥሶ አይደለም፤ ብሎኗን ፈትቶ፣ ሽቦውን አውጥቶ፣ ብሎኗን መልሶ አጥብቆ። የሽቦው ጫፍ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ እንደ ቆሰለ ጣት።

መልሼ አሰርኩት። አበራሁ፣ ረገጥኩ። ምንም።

ሽቦ መንቀል ብቻ አልበቃ ብሎት ውስጡንም ነክቶብኛል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ዛሬ ወጥመድ አኖርኩ። ሽቦውን አስሬ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ በላዩ ላይ ከሻርፔ የመዘዝኩትን ቀይ ክር በራሴ አስተሳሰር ቋጠርኩበት።

ከምሳ መልስ፦

አንድ፣ ወለሉ ላይ የውሃ ጠብታ። ከበሩ እስከ ሞተሩ ድረስ። ማን ነው ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ?

ሁለት፣ ካንዴላውን ላጽዳ ብዬ አውጥቼው ሳለ እግሬ መርገጫውን መታው። ሰማያዊ እሳት፣ ጫፉ ላይ፣ ጠሽ። በዓይኔ አየሁት። ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ መሰለኝ፣ አቶ ደቻሳ መዝገብ ይዘው ብቅ አሉ። «ምን ሆንሽ?» «ምንም።» አንድ ሁለት መደርደሪያ አይተው ወጡ።

ሦስት፣ ያኔ ነው ሽቦው ዛሬም ተነቅሎ ያየሁት። ቀዩ ክር አልተበጠሰም። በትዕግሥት ተፈትቶ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ ተጠቅልሎ፣ መቀመጫው ላይ ተቀምጧል።

አራት፣ ሽቦውን አሰርኩ፣ አበራሁ፣ ረገጥኩ። እሳቱ ጠፍቷል።

እሳት ነበረ፤ አቶ ደቻሳ ገቡ፣ ወጡ፤ እሳት የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ? ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው። ሞተሩ ቁርጥራጭ ተብሎ ቢሸጥ ማን ይገዛዋል? ሽቦዬን የሚፈታው ሰው ክሩን እንኳ አክብሮ ነው የሚያስቀምጥልኝ። ሊያሾፍብኝ።

ይህን ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ፍራሽ ሥር ነው የማኖረው።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

ዛሬ በምሳ ሰዓት ማንም አልነካውም። ክሩም እንዳለ፣ ወለሉም ደረቅ። ከሰዓት ግምገማ ስላለ ተጠንቅቀዋል።

ግምገማው የንብረት አያያዝ ላይ ነበር። አዳራሹ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ውጭ ባለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ላይ ዓይኑን ያልጣለ የለም። ኃላፊው ሂስ ያለው ሰው ይናገር አለ። ማንም እጁን አላወጣም። አንገቱን ወደኔ አዞረ። «አንቺስ ስንዱ፣ ሞተሩ እንዴት ሆነ?»

ተነሳሁ። ሥራዬ እየተበላሸብኝ ነው አልኩ።

«በማን? እዚህ ቤት በደፈናው አይወራም። ስም ጠርተሽ ተናገሪ።»

ስም ጠራሁ። ሽቦውን፣ ክሩን፣ ጠብታውን፣ የምሳ ሰዓቱን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ኮርቼበትም ነበር።

አቶ ደቻሳ ወዲያው አልተነሱም። በመስኮቱ ወደ ግቢው በር አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ተነስተው «የምለው የለኝም» አሉና ተቀመጡ።

«የሚሉት ከሌለዎት ተቀብለዋል ማለት ነው» አለ ኃላፊው። ጉዳዩ እስኪጣራ የመጋዘኑ ቁልፍ ለእኔ እንዲሰጥ ተወሰነ። አቶ ደቻሳ ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈቱ። በእጄ አልሰጡኝም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

አሸንፌያለሁ። አሁን ሞተሩ ይነሳል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

አልተነሳም።

መጋዘኑን ራሴ ከፈትኩ። ሽቦው እንዳሰርኩት ነው። ከእኔ በቀር ማንም አልገባም፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ነው ያደርኩት። አበራሁ፣ ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ረገጥኩ። ምንም።

በስድስት ሰዓት አባባ ሐምዳን መጡ። «ኢብሪቅ» አሉ። የውዱእ ውሃ የሚይዙበት ኢብሪቃቸውና መስገጃቸው ለካ መጋዘን ውስጥ፣ ከበርሜሎቹ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቂጡ ያፈሳል። ጠብ፣ ጠብ፣ እስከ በሩ ድረስ።

የግል ዕቃ መጋዘን ማስገባት ክልክል ነው። የዘበኛ ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል? አቶ ደቻሳ ብቻቸውን አልነበሩም ማለት ነው?

ቀና ብዬ ሳይ አባባ ሐምዳን እኔን ሳይሆን ሞተሩን እያዩ ነው። ኢብሪቃቸውን ይዘው ወጡ።

እሑድ፣ መጋቢት 10

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አቶ ደቻሳ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ከእነሱ ጸሎት ቤት ሲወጡ ተገጣጠምን። መንገደኛውን ሁሉ ሰላም አሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አዩ።

አከራዬ እትዬ ዘሀራ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ወሬ አያመልጣቸውም።

«ደቻሳ ትናንት ሬድዮኑን አልከፈተም አሉ» አሉኝ። «ሰዉ በር ላይ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ።»

«ያ ባትሪ ከየት እንደመጣስ ሰምተዋል?» አልኳቸው።

«የምን መስማት? በዓይኔ በብረቱ አየሁት እንጂ። ከነቀምቴ ሲመጣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ከመኪና የወረደው። ሚስቱን አስቀድሞ አላወረደ፣ ባትሪውን ነው ያወረደው። ዓመት ሙሉ ስቀንበት።»

ራት አልበላሁም። ጾም ነው አልኳቸው፤ የቀረበልኝ ግን ሽሮ ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 11

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በምሳ ሰዓት መጋዘኑን ሳልቆልፍ ገርበብ አድርጌ የሄድኩ መሰልኩና ተመልሼ ገብቼ ከበርሜሎቹ ጀርባ ተቀመጥኩ። አባባ ሐምዳን ኢብሪቃቸውንና መስገጃቸውን ይዘው ገቡ። በሩ ደፍ ላይ ታጠቡ፣ ሰገዱ፣ መስገጃቸውን ጠቀለሉ። ኢብሪቁን እንደያዙ ወደ ሞተሩ ሄደው ቁጢጥ አሉ። ብሎኗን በሳንቲም ጠርዝ ፈቱ። ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አወጡ።

ብድግ አልኩ። አልደነገጡም።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነው።»

«ለምን?»

«ታንቋል» አሉ፣ ማግኔቶውን እየነኩ። «አንተ ታስራለህ፣ እኔ እፈታለሁ። አንድ ቀን ሳታስር ትመታለህ፣ ይነሳል ብዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰኞ መጣሁ። ‹ይቆዩ› አልከኝ።» ኢብሪቁን አስቀመጡ። «እየቆየሁ ነው።»

ከበርሜሎቹ ጀርባ ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አሁን ምታ» አሉኝ።

ሽቦው እንደተፈታ ረገጥኩ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው መጋዘኑ በጩኸት ተሞላ፣ ከጣራው አቧራ ረገፈ። የፊት መብራቱ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ በራ፤ ቤንዚን ስሰጠው ነጣ፣ ስለቅቀው ደከመ። አባባ ሐምዳን ሽቦውን አንስተው አንዱን ጫፍ ብሎኗ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ ነኩ። ጸጥ አለ።

«እንዲህ ይተኛል» አሉ። «ድሮ ጌታዬ በዚህ ሞተር ወርቅ ይገዛል፣ መንጌ፣ ኩርሙክ። እኔ ኋላ እቀመጣለሁ። ይኼ ቀርከሃ የእኔ እጅ ሥራ ነው።»

ያቺ ብሎን የኃይል መግቢያ አይደለችም። መውጫ ናት። ማግኔቶው ኃይሉን ከራሱ ያገኛል፤ በዚያች ብሎን በኩል ወደ ብረት ካፈሰሱት ይሞታል፣ ማጥፊያው እሱ ነው። እኔ ደግሞ በማብሪያዬ በኩል ከዲናሞው ጥቅልል ጋር አገናኝቼ ኃይሉን ሁሉ ወደዚያ ሳፈስስ ኖሬያለሁ። «በራ» ባልኩ ቁጥር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንዴ ማብሪያውን ሳልነካ ብረግጥ ኖሮ ረቡዕ ዕለት ይነሳ ነበር። እንቅልፋሙ መምህር የተሣሉበት ግማሽ ገጽ ላይ የጎደለው ይህ ነው።

ሐሙስ እሳቱን ያጠፉት አቶ ደቻሳ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ፣ ሽቦውን ስመልሰው። ዓርብ ማንም ያልነካውም አባባ ሐምዳን ጁምዓ ሄደው ስለነበር ነው።

«ደቻሳ የት ነው? ቁልፍ ለምን አንተ ጋር?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ዘበኛ አዳራሽ አይገባም፣ አልሰሙም ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ደቻሳ ያውቃል እኮ። እሱ ነው የሚያስገባኝ። ‹ሐምዳን፣ ውጭ አቧራ ነው፣ እዚህ ስገድ› ይለኛል። እኔ እሰግዳለሁ፣ እሱ እዚያ ተቀምጦ መጽሐፉን ያነባል። ሽቦ ስፈታ ያየኛል። ‹ተው፣ ልጅቷ ትቆጣለች› ይለኛል፣ ይስቃል።»

በመስኮት ምን ያዩ እንደነበር አሁን ገባኝ። የግቢውን በር። አባባ ሐምዳን የኮንትራት ናቸው፤ በየሦስት ወሩ ነው የሚታደስላቸው። ዘበኛ መጋዘን ገብቶ ንብረት ነካ ከተባለ አይታደስም። አቶ ደቻሳ አንዲት ቃል ቢናገሩ ነጻ ይወጡ ነበር። «የምለው የለኝም» አሉ።

አባባ ሐምዳን ተነስተው «ሄጄ ለትልቁ እነግራለሁ» አሉ። እጃቸውን ይዤ አስቀረኋቸው። ይቆዩ ልል ነበር፤ ያ ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። «እኔ እናገራለሁ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች። ሽቦውን እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ ማብሪያው ለመብራቱ ብቻ፣ ለማጥፊያው ደግሞ የበር ደወል መጫኛ፤ ሲጫኑት ብረት ይነካና ጸጥ ያደርገዋል።

በሁለተኛው ረገጣ ተነሳ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አላመነም።

«ባትሪው የት አለ?»

«የለውም።»

«ተሰርቋል?»

«አይፈልግም።»

መቀመጫውን አስነስቶ ሥሩን አየ። ቀርከሃውን አንኳኳ። ተጎንብሶ ሆዱን አየ። «ባትሪ ሳይኖር የሚነሳ ሞተር አይቼ አላውቅም። አንድ የደበቅሽው ነገር አለ።» በመጨረሻ «ባትሪ፦ የጎደለ» ብሎ ጻፈና አስፈረመኝ። ይፈረም። ከቁርጥራጩ ዝርዝር ወጥቷል።

ኃላፊው ጨበጠኝ። «ከሰኞ ጀምሮ መንጌ ትወጫለሽ» አለ። ወዲያው ዓይኑ አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ላይ ወደቀ። «ቆይ፣ መጋዘኑስ? የሚረከብሽ ሰው የለም። ሰው እስኪመደብ ትጠብቂያለሽ።»

እዚህ አገር ሰው እስኪመደብ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ሞተር አለኝ፣ መሄጃ የለኝም። በራሴ አንገት ላይ ራሴ ያሰርኩት ቁልፍ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

አቶ ደቻሳ መዝገብ ቤት እኔ እቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩ።

«አቶ ደቻሳ፣ በድያለሁ» አልኩ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

አላዩትም።

«ሁሉንም አባባ ሐምዳን ነግረውኛል።»

ያኔ ቀና አሉ። «ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ቁልፉን በእስክሪብቶ ጫፍ ወደ እኔ ገፉት። «በአደባባይ የተነጠቅኩትን በጓሮ አልቀበልም» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

«ያ ኢንተላ» አላሉኝም።

ዓርብ፣ መጋቢት 15

ትናንት አልጻፍኩም። የምናገረውን ስለማመድ ነው የዋልኩት። የተለማመድኩት ሁሉ ለዓርቡ ግምገማ አዳራሽ ስገባ ጠፋኝ።

እጄን አወጣሁ። ባለፈው ያልኩት ስህተት ነው አልኩ። ሞተሩን ማንም አላበላሸውም፤ የገጠምኩበት መንገድ ነው የተሳሳተው። አቶ ደቻሳ ጥፋት የለባቸውም፤ ቁልፉ ይመለስላቸው።

ኃላፊው ያለፈውን ማስታወሻ ገለጠ። «ሽቦው ሁለት ቀን ተነቅሎ ተገኘ ብለሻል። ማን ነው ይነቅል የነበረው?»

እዚህ ጥያቄ ላይ እንደምደርስ አውቅ ነበር። አቶ ደቻሳን አላየኋቸውም። መስኮቱንም አላየሁም።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ስሠራ ነቅዬ እረሳዋለሁ።»

«ሁለት ቀን ተከታታይ?»

«ሁለት ቀን።»

«ቀዩንስ ክር?»

«እሱንም።»

ከኋላ የሒሳብ ክፍሉ ልጅ «ዲፕሎማው ይጣራልን» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ ጋለ። ኃላፊው አልሳቀም። ቀስ ብሎ አየኝ፤ ያመነኝ አይመስለኝም። ቢሆንም ጻፈ። ፋይሌ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ «ሥራዋን በአግባቡ አለመያዝና በቂ ማስረጃ ሳትይዝ የሥራ ባልደረባን የመጠርጠር ችግር ይታይባታል።» ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ቢጻፍብኝ ሳምንት አለቅስ ነበር።

ቁልፉን ሰው ሁሉ እያየ ወደ አቶ ደቻሳ ይዤ ሄድኩ። ተነስተው ቆሙ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«ቆጥሬ ነው የምረከበው» አሉ። «ነገ ጠዋት። በመዝገብ።»

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16

ቆጠርን። እኔ እየጠራሁ፣ እሳቸው እየጻፉ። አካፋ፣ ሃያ ሁለት። የእጅ ጋሪ፣ ሦስት፣ አንዱ ጎማ የለውም። ወንበር፣ ቁጥሩን የጻፍኩት ራሴ ስለሆንኩ በቃሌ ነው የምጠራው።

መሃል ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አነሳሁ። «ሬድዮ፣ የሞተ፣ አንድ» አልኩ። «ካፓሲተሩን አውጥቼበታለሁ። ጉድለት ከሆነ በእኔ ይመዝገብ።»

«እሱ መዝገብ ላይ የለም።»

«እንዴት?»

«የቤቴ ነው። የድሮው ሬድዮኔ።» ከመዝገቡ ቀና አላሉም። «የቤቴን ዕቃ በሞዴል አላወጣም። ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ቀጣዩን ሦስት ዕቃ አሳስቼ ጠራሁ፤ ሦስቱንም አረሙኝ።

መጨረሻ ላይ ሞተሩ ጋ ደረስን። «ሞተር ሳይክል፣ አንድ፣ ባትሪ የሌለው» ብለው ጻፉ። እስክሪብቷቸው ቆመ። «የሚሠራ ነው የማይሠራ?»

«የሚሠራ።»

«በቃል አልጽፍም።»

ረገጥኩት። በመጀመሪያው ተነሳ። ቤንዚን ስጨምር መብራቱ ነጣ፣ ግድግዳው ላይ የሁለታችን ጥላ ወጣ። አቶ ደቻሳ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ፣ ሬድዮ የሚሰሙ ይመስል። ደወሉን ተጫንኩ። ጸጥ። «የሚሠራ» ብለው ጻፉ። ፈረምኩ፣ ፈረሙ። ቁልፉን ከእጄ ወስደው ቀበቷቸው ላይ አሰሩ።

«ሰኞ ወደ መንጌ በማለዳ፣ በአንድ ሰዓት ብወጣ...» አልኩ።

«መጋዘን የሚከፈተው በሁለት ሰዓት ነው።»

በቃ ይኼው ነው።

ስንወጣ አባባ ሐምዳን በሩ ላይ ናቸው። መስገጃቸው ማንጎው ሥር፣ ትቢያ ላይ ተነጥፏል፤ ኢብሪቁ አጠገቡ ነው። ቁልፉ ከተወሰደ ጀምሮ አንድ ቀን ብቻ ነው ውስጥ የሰገዱት፣ ያቺን ሰኞ። አቶ ደቻሳ ሊቆልፉ በሩን ስበው ነበር። ቆሙ። ግቢውን ዙሪያውን አዩ፤ እኔን አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ። ወደ ማንጎው ሄዱና ኢብሪቁን አነሱ። እያንጠባጠበ መጋዘን አስገቡት። ቆለፉ።

ክልክሉን ዕቃ እኔ እያየኋቸው ነው ያስገቡት።

ሰኞ በሁለት ሰዓት በሩ ላይ እገኛለሁ።